የተፈታው ማርሚታ

ረዘነ ሞቶ የተገኘው በገዛ ግቢው፣ በሚሳሳላት ቀይ የስፖርት መኪናው ሆድ ስር ነው። ኢንስፔክተር ለተመድህን መቐለ፣ ከእንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ግርጌ ወዳለው ቤት ስትደርስ ፖሊሶቹ መኪናዋን አንስተው ሬሳውን አውጥተውታል። ጉዳዩንም በልባቸው ዘግተውታል።

«አደጋ ነው፣ ኢንስፔክተር» አላት ሳጅን ፍስሐ። «ለጋራዥ ላለመክፈል ማርሚታውን ራሱ ሊቀይር ገባ፤ መኪና ማንሻው ክሪክ ከዳው። ስስት ገደለው ይበሉት።»

ለተመድህን ከመኪናዋ ጎን ተንበረከከች። አሮጌው ማርሚታ፣ የመኪናዋን ጭስ የሚያወጣውና ድምፅዋን የሚያፍነው ብረት፣ ተፈትቶ ግድግዳው ስር ተጥሏል። አዲሱ ገና ከነላስቲኩ ነው። ከአጠገቡ የተነሳች መኪና የምትደገፍባቸው ሁለት የብረት ማቆሚያዎች እንደ ጫማ ጎን ለጎን ተደርድረዋል። ክሪኩን አገላብጣ አየችው፤ ዘይቱን አስተንፍሶ ክሪኩን የሚያወርደው ብሎን እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

ከዚያ የሟቹን ሸሚዝ ገለጠች። ደረቱ ላይ ክንድ የሚያህል ቃጠሎ በአግድም ተጋድሟል። የቀኝ መዳፉ ተልጧል። ሁለት ጥፍሮቹ ሲሚንቶውን ሲቧጥጡ ተነቅለዋል።

«ይህ ሰው ወዲያው አልሞተም» አለች።

ሳጅኑ ፊቱን አዞረ።

የሟቹ ሚስት ሳሊና ሳሎን ውስጥ ከለቀስተኞች መሃል ተቀምጣ ነበር። ለተመድህን ወደ ጓዳ ወሰደቻት።

«ጠዋት የት ነበርሽ?»

«እናቴ ጋ፣ ቁሓ። እዚያው እያለሁ ነው የደወሉልኝ።»

«መኪናዋን ትነጃታለሽ?»

«እኔ? በሯን መክፈት እንኳ በደንብ አላውቅም! ሽጣት እያልኩ ስለምነው ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሳሊና የነጠላዋን ጫፍ መጠቅለል ጀመረች። «ካለፈው ወር… ድንጋይ መትቷት ነው መሰለኝ ማርሚታው ተቀደደ፣ ትጮሃለች። እሱ ግን የስፖርት መኪና ማርሚታ በርካሽ አገኘሁ ብሎ እንደ ሕፃን ፈነደቀ። ራሴ እገጥመዋለሁ አለ።»

ከአጥሩ ማዶ ያለው ጋራዥ የአብዱልወዱድ ነው። ከወሎ መጥቶ መቐለ ከከተመ ቆይቷል። ከረዘነ ጋር ሰው ፊት መጣላቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም አልደበቀም።

«በግማሽ ዋጋ ልሥራልህ አልኩት፣ ሌባ ብሎ ሰደበኝ። ማታውኑ ደግሞ ማቆሚያ አውሰኝ ብሎ መጣ። ሰጠሁት። ወላሂ፣ ለጠላቴም ቢሆን በክሪክ ብቻ ከመኪና ስር ግባ አልለውም።»

«ጠዋት የሰማኸው ነገር አለ?»

«ያልሰማ ማን አለ! መኪናዋ እንደ አውሬ ጮኸች፤ ቆርቆሮው ሁሉ ተንቀጠቀጠ። ብዙ ቆየች። አዲሱን እየሞከረ መስሎኝ ረገምኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

«ከረዘነ ሌላ የሚነዳት አለ?»

«ሳሊና ናታ። እሱ ሥራ ሲገባ ሹልክ አድርጋ ታወጣታለች። እሱ ነዳጅ ላይ ቆጥቋጣ ስለሆነ መኪናዋ የጠጣችውን መልሳ ትሞላለች። ሚስቴ ጣይባ ሁሌ ትስቅባታለች።»

ሦስተኛው የተጠየቀው ሰው የሟቹ ታላቅ ወንድም ሓዱሽ ነው። ሮማናት አካባቢ ጫማ ይሰፋል። ጥቁር ልብሱን የለበሰው ለረዘነ አልነበረም፤ ገና ባለፈው ወር ነው አንድ ልጁን ርሻንን የቀበረው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ሊመሽ ሲል፣ መኪና ገጭቶ ጎትቷት አመለጠ። ታርጋውን ያየ የለም። የትከሻ ቦርሳዋ እንኳ ማንጠልጠያው ተበጥሶ ነው የተገኘው። ያን ቀን ሬሳዋን ከመንገድ ያነሳው አጎቷ ረዘነ ነበር።

«ጠዋት ሰላም ብዬው ሄድኩ» አለ ሓዱሽ። «ከዚያ ሱቄ ነበርኩ።»

«ሲሠራ አላገዝኸውም?»

«እኔ ስለ መኪና ምን አውቄ?»

ለተመድህን ወደ አሮጌው ማርሚታ ተመለሰች። መታሰሪያው ላይ የቀለጠ ጥቁር ላስቲክ ተለብዷል። ከላስቲኩ ውስጥ በሰም የታሸ ቀይ ክር ብቅ ብሏል፤ ጫፉ በስለት የተቆረጠው ገና አሁን ነው፣ አቧራ እንኳ አልነካውም። ክሩን አወጣችና በቀጥታ ወደ ሮማናት ሄደች። የሓዱሽ ሱቅ ተዘግቷል። ደጃፉ ላይ ለጥገና የተሰቀሉት ጫማዎች ሁሉ በዚያው ቀይ ክር የተሰፉ ናቸው።

«ዛሬ እስከ ምሳ ሰዓት አልከፈተም» አለቻት ጎረቤት የምትነግደው የኔአለም። «ሓዘንተኛ ስለሆነ ማንም አይጠይቀውም።»

ከሰዓት በኋላ ለተመድህን ሦስቱንም መኪናዋ አጠገብ ሰበሰበቻቸው። ደሙ ገና አልታጠበም።

«ክሪክ ሲከዳ ይንሸራተታል ወይም ይሰበራል» አለች። «የዘይት ብሎኑን ግን ራሱ አይፈታም። በዚያ ላይ ማቆሚያዎቹ። ስር የተኛ ሰው ራሱ አውጥቶ ግድግዳ ስር አይደረድራቸውም። ሌላ ሰው ‹ትንሽ ከፍ ላድርግልህ› ብሎ መኪናዋን አነሳ፣ ማቆሚያዎቹን አወጣ፣ ከዚያ ብሎኑን ፈታ። ረዘነ ዝም ብሎ ተኝቶ ነበር። ሌባ ብሎ የሰደበው ሰው ቆሞበት እንዲያ አይተኛም። ስለዚህ አንተ አይደለህም፣ አብዱልወዱድ።»

አብዱልወዱድ ትንፋሹን ለቀቀ።

«ቀጥሎ የጭስ ቧንቧው ደረቱ ላይ ያተመው ቃጠሎ። በባዶ እጁ የጋለ ብረት ስር የሚገባ የለም፤ ሲገባ ቀዝቃዛ ነበር። የጋለው እሱ ከተያዘ በኋላ ነው። ስር የተጣበቀ ሰው ቁልፍ አያዞርም። አዲሱ ማርሚታም ከላስቲኩ አልወጣም፤ የተሞከረ ነገር የለም። ሰውየው መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ማፈኛ የላትምና ጮኸች። ከስር የሚጮኸውን ሰፈር እንዳይሰማው ነው። ዝም እስኪል ድረስ ነዳጁን ረገጠ።»

ሳሊና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች።

ለተመድህን ቀዩን ክር አወጣች። «ረዘነ አሮጌውን ፈትቶ ወደ ውጭ ሲገፋው የተቀበለው ሰው መታሰሪያው ላይ የተጠመጠመ የቦርሳ ማንጠልጠያ አየ። ቆርጦ ወሰደው። ሌላ ገዳይ ቢሆን አይነካውም ነበር። የርሻንን ማንጠልጠያ በሕይወት ሳለች በቀይ ክር የሰፋላት ማን ነው፣ ሓዱሽ?»

ሓዱሽ አልካደም። ከደረት ኪሱ የተኮማተረ ቁራጭ ማንጠልጠያ አወጣና መዳፉ ላይ ዘረጋው።

«‹ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ና አግዘኝ፣ ለመካኒክ አንከፍልም› ብሎ ጠራኝ» አለ። «እየሳቀ ነበር። ልጄን የጎተተበትን ብረት በእጄ አቀበለኝ። እና እየሳቀ ነበር!»

«ጠየቅኸው?»

«ምን እጠይቀዋለሁ? መኪናዋ የማን ናት?»

«ርሻን የሞተች ዕለት ለረዘነ የደወልህለት አንተ ነህ» አለች ለተመድህን ቀስ ብላ። «የት አገኘኸው?»

«ሥራው ላይ። አውሮፕላን ማረፊያ።»

«በምን መጣ?»

ሓዱሽ መዳፉ ላይ ያለውን ማንጠልጠያ ጨበጠ። ሲመጣ ያየው እሱ ራሱ ነው። ወንድሙ ከሠራተኞች አውቶቡስ ዘሎ ወርዶ እየሮጠ ነበር።

«ከሰዓት ፈረቃ ላይ ነበር፤ ባልደረቦቹን ደውዬ ጠይቄያለሁ» አለች ለተመድህን። « መኪናዋ እዚህ ቤት ነው የዋለችው፣ ቁልፉም እዚህ። መንዳት አላውቅም ያለችኝ ደግሞ ሹልክ አድርጋ የምታወጣት ሴት ናት። ረዘነ ምንም አያውቅም ነበር። ባያውቅ ነው አንተን ለእርዳታ የጠራህ።»

ሁሉም ወደ ሳሊና ዞሩ። የመኪናዋን በር ይዛ ቁልቁል ተንሸራተተች።

«አላየኋትም» አለች። «ወይለይ፣ አላየኋትም! የሆነ ነገር ሲጎተት ሰማሁ… ቆሜ ባየው ኖሮ…»

«ብትናገሪ ኖሮ ባልሽ በሕይወት ይኖር ነበር» አላት አብዱልወዱድ። የተቆጣ አይመስልም፤ ደክሞታል።

ሓዱሽ ሳሊናን አላያትም። አሁንም ለተመድህንን እያየ ነበር።

«ረዘነ ከስር ምን እያለህ ነበር?» ስትል ጠየቀችው። ለመዝገብ የሚያስፈልግ ጥያቄ አልነበረም፤ ለምን እንደጠየቀችው ኋላ ራሷም አላወቀችም።

«አልሰማሁትም» አለ ሓዱሽ። «ስሜን ነበር መሰለኝ። እኔ ነዳጁን ስረግጥ… አልሰማሁትም።»

ፍስሐ ሓዱሽንና ሳሊናን በካቴና አሰራቸው። ጣቢያው የላከው አንድ መኪና ብቻ ስለነበር ከኋላ ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። መንገዱ ጎርባጣ ነበርና መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ትከሻቸው ይነካካል፤ የሚሸሹበት ቦታ ግን አልነበራቸውም።