ወደ ላይ የወደቀው ጥላ

ግንቦት ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ንጋት ላይ አስራ አንድ ሰዓት ከሃያ ነበር። እናትየው ባሏን ለሻይ ልትጠራ ወደ ሰገነቱ ወጣች። መብራቱ በርቷል፤ ነጩ አንሶላ እንደተወጠረ ነው፤ ሰውየው ግን የለም። በአጭሩ መከለያ ላይ ዘንበል ብላ ወደ ጓሮው ስትመለከት አየችው።

ልጃቸው ነርስ ናት። ከአስር ደቂቃ ቀደም ብላ በፊት ለፊቱ በር ወጥታ ስለነበር መርዶውን የሰማችው ሆስፒታል ደርሳ ነው። ስትመለስ እናቷ አንሶላውን ከሰገነቱ ነቅላ አባቷን ሸፍናበታለች። ሦስት የእሳት እራቶች አሁንም ጨርቁ ላይ ተለጥፈው ተኝተው ነበር።

አባቷ አርባ ዓመት ሙሉ ፎቶ አንሺ ነበር። ስቱዲዮው ከተዘጋ ሁለት ወሩ ነው። መጀመሪያ የመጡት ፖሊሶች ይህን ሲሰሙ ተያዩና «ራሱን ጥሏል» ብለው ጻፉ። እናቷ ወረቀቱ ላይ አልፈርምም አለች።

«ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ። ቢመረው እንኳ ሳይነግረኝ ትቶኝ አይሄድም። ሄዷል ካላችሁኝ ሠላሳ አራቱንም ዓመት ነው የምትወስዱብኝ!»

በማግስቱ መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት። ሰው ወሬ ሲያሯሩጥባት «ቆይ፣ ቆይ» ስለምትል ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ቆይ ቆይ» ይሏታል።

«ሰገነት ላይ ምን ይሠራ ነበር?» ስትል ጠየቀች።

«ጣውንቴን ይጠብቃል» አለች እናትየው፤ እንባዋ ሳይደርቅ ፈገግታ ቢጤ መጣባት። «አንዲት አመድማ የእሳት እራት ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሷ ጋር ሲያድር እኔ ብቻዬን።»

የቀረውን ልጅቱ አስረዳች። አባቷ ወደ መብራቱ የሚመጡትን ነፍሳት ፎቶ እያነሳ ስማቸውን ይመዘግብ ነበር። ይህቺን ግን መለየት አቃተው። ሁለት ዓይነቶች አሉ፤ ክንፋቸውን ገጥመው ሲያርፉ መንታ ናቸው። የሚለያቸው የተደበቀው የኋላ ክንፍ ብቻ ነው፤ የአንደኛዋ ዳር ዳሩን ጥቁር ጥለት አለው፣ የሌላዋ የለውም። አንድ የሙዚየም ባለሙያ «ክንፉን ሳላይ አልፈርድም፤ አንዷን ገድለህ ላክልኝ» ብሎ ጻፈለት። አባቷም «ስሟን ለማወቅ ብዬ አልገድላትም» ብሎ መለሰና ራሷ እስክትከፍተው መጠበቅ ጀመረ።

መርማሪዋ ቀጥላ ምድር ቤት የሚኖረውን ተከራይ፣ ልብስ ሰፊውን አነጋገረች።

«አስር ሰዓት ተኩል አለፍ ብሎ ዱብ የሚል ነገር ሰማሁ። በመስኮት አንጋጥጬ ሰገነቱን ባየው ጨለማ ነው። ድመት የአበባ ማሰሮ ጥላ ነው ብዬ ተመልሼ ተኛሁ። ምነው በወጣሁ ኖሮ! ይኸው ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።»

«ቆይ፣ ቆይ። ጨለማ?»

«ጨለማ። ያለ መነጽር መርፌ ላይ ክር የማስገባ ሰው ነኝ እኮ።»

«እኔ ስወጣ በርቶ ነበር!» አለች እናትየው ከበሩ ላይ። «አንተ ሰውዬ፣ ውሸታም ልታደርገኝ ነው?»

«ኧረ እኔ መቼ ዋሹ አልኩ፣ እትዬ!» ልብስ ሰፊው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እዚህ ቤት መብራት የሚያጠፋና የሚያበራ ማን እንደሆነ ግን ይታወቃል። ባለፈው ሳምንት 'አንድ ቀን ይህን ገመድ እቆርጥልሃለሁ' ሲል ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።»

እንደዚያ ያለው የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው። ከጎን ባለው ክፍል ይኖራል።

«ብያለሁ» አለ ሳይደብቅ። «ብርሃኑ በመስኮቴ እየገባ አላስተኛ አለኝ። ነፍሳቱ ሾርባዬ ውስጥ ይዋኛሉ። ወንድሜን ግን...» ፒንሳውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ይኸው መቁረጫዬ። ገመዱን እዩት።»

ገመዱ ደህና ነበር። መርማሪዋ ከሰገነቱ ጀምራ በእጇ እየዳሰሰች ተከተለችው። በመከለያው ላይ ወርዶ፣ ከሥር ባለው አረንጓዴ መስኮት ገብቶ፣ ልጅቱ ክፍል ውስጥ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ካውያ፣ የተሰቀለ ነጭ የሥራ ልብስ።

«ሶኬቱ ይኼ ብቻ ነው?»

«አዎ። ሰገነቱ ላይ ስለሌለ አባባ ከኔ ነው የሚወስደው።»

«ያን ቀን አላየሽውም?»

«አስር ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ፣ ሻወር ገባሁ፣ ለብሼ ወጣሁ። መብራቱን ለነፍሳቱ ትቶ የተኛ ነበር የመሰለኝ። ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም።»

መርማሪዋ የነጩን ልብስ እጅጌ ነካ አደረገች። የተተኮሰበት መስመር እንደ ስለት የቀና ነበር። ካውያውን አየት አድርጋ ወጣች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ሁለት የታተሙ ፎቶዎች ይዛለች።

«መጀመሪያ ነገር፣ ራሱን አልጣለም» አለች ወደ እናትየው ዞራ። «በጥፍሮቹ ሥር የመከለያው ኖራ ተገኝቷል። መሞት የፈለገ ሰው ግንብ አይቧጥጥም።»

እናትየው አፏን በእጇ ያዘች።

«ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር። ይኼ አስር ሰዓት ከሠላሳ አምስት ላይ የተነሳ ነው። የእሳት እራቷ አንሶላው ላይ ናት፤ መብራቱ ከላይ ስለተንጠለጠለ ጥላዋ ወደ ታች ወድቋል። ይኼ ደግሞ ከሰባት ደቂቃ በኋላ የተነሳው፣ የመጨረሻው ነው። ያረፈችው ግድግዳ ላይ ነው። ጥላዋን እዩ።»

ልጅቱ አየች። ጥላው የወደቀው ወደ ላይ ነበር።

«ቀለሟን ያጠፋል ብሎ የካሜራውን ብልጭታ አይጠቀምም። ስለዚህ ብርሃኑ የመጣው ከታች ነው። የላይኛው መብራት ጠፍቷል ማለት ነው፤ ልብስ ሰፊው አልዋሸም። የእሳት እራት ብርሃን ሲጠፋባት ወደቀረው ብርሃን ትሄዳለች። እሷ ሄደች፣ እሱም ተከተላት። በጨለማ መከለያው ላይ በሆዱ ተኝቶ ወደ ታች ተንጠራራ። ክንፏን ያኔ ከፈተችለት። ከዚያ በኋላ ግን ሚዛኑን መመለስ አልቻለም።»

በፎቶው ጥግ የመስኮት ፍሬም ይታይ ነበር። አረንጓዴ ነው።

«እርስዎ ሲወጡ ደግሞ» አለች መርማሪዋ እናትየውን፣ «መብራቱ ተመልሶ በርቷል። እርስዎም አልዋሹም።»

«ታዲያ ማን አጠፋው?» እናትየው ወደ ባሏ ወንድም ዞረች። «አንተ ነህ! በአፍህ ብለሃል!»

«በእናቴ አጥንት፣ እትዬ፣ እኔ...»

«አትማልብኝ! ዓይንህን አታሳየኝ!»

መርማሪዋ በዚህ ጊዜ «ቆይ፣ ቆይ» አላለችም። ፎቶዎቹን ሰብስባ ወለሉን አየች። «መብራት እንደሁ ይሄዳል፣ ይመጣል» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የምጽፈው ድንገተኛ አደጋ ብዬ ነው። ከዚያ በላይ እንድጽፍ አይጠበቅብኝም።»

ልጅቱ ያን ጊዜ ገባት። ሴትየዋ ማምለጫ እየሰጠቻት ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። አጎቷን አየችው፤ ወንድሙን ቀብሮ ሳያበቃ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«እኔ ነኝ የነቀልኩት፣ እማዬ። ልብሴን ልተኩስ የሱን ነቅዬ ካውያውን ሰካሁ። ሁልጊዜ 'አባባ፣ ልነቅል ነው!' ብዬ እጮሃለሁ፤ 'ንቀይ!' ይለኛል፤ መልሼ እስክሰካው ካለበት ንቅንቅ አይልም። የዛን ቀን አንቺ እንዳትነቂ ብዬ አልተጣራሁም። የክፍሌን መብራት እንደበራ ትቼ፣ ካውያው እስኪግል ሻወር ገባሁ። ውሃው... ምንም አልሰማሁም። ተኩሼ ስጨርስ መልሼ ሰካሁትና ወጣሁ።»

ልብስ ሰፊው ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«ክንፏን በደንብ አይቷል?» አለች እናትየው በመጨረሻ፣ መርማሪዋን።

«አይቷል። ፎቶው ጥርት ያለ ነው።»

እናትየው ተነስታ ልጇ አጠገብ ተቀመጠች። እጇን ይዛ ጭኗ ላይ አደረገችው። «ትቶን አልሄደማ» አለች። «ሰማሽ ልጄ? ትቶን አልሄደም።» ከዚያ ሁለቱም ጮኸው አለቀሱ።

በሐምሌ ከሙዚየሙ ደብዳቤ መጣ። ጥቁሩ ጥለት በግልጽ ስለታየ የእሳት እራቷ ተለይታለች፤ በየአገሩ የምትገኝ ተራ ዓይነት ናት ይላል። እናትየው ሁለት ጊዜ አስነብባ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። በዚያው ቀን አጎትየው መሰርሰሪያውን ይዞ መጣና ልጅቱ ክፍል ውስጥ ሁለተኛ ሶኬት ገጠመ።