የተያዘው አዳራሽ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ከሰው ሰው ሲዞር የመጣ ወሬ አይደለም። ከባለታሪኳ ከራሷ አፍ ነው የሰማሁት። "ስሜን አትቀይሪ፣ የእህቴንም ስም አትቀይሪ" ስላለችኝ አልቀየርኩም።

ደግሞ "እኩለ ሌሊት ነበር..." እስክል የምትጠብቁ ካላችሁ አትድከሙ። ይሄኛው የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አሶሳ፣ ውሻው ሁሉ ጥላ ፈልጎ በሚጋደምበት ሰዓት። ስለዚህ መብራት አብርታችሁ ብታነቡትም አይጠቅማችሁም።

የወርቅውሃና እየሩስ እህትማማቾች ናቸው። ወላጆቻቸው በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጡ፤ እነሱ ግን እዚሁ አሶሳ አጠገብ ተወለዱ። ሥራቸው ስብሰባ ማዘጋጀት ነው። የአዲስ አበባ መሥሪያ ቤት "ሥልጠና አለን፣ ቦታ ፈልጉልን" ሲል ሆቴሉን የሚመርጡት፣ አዳራሹን የሚያዩት፣ ምሳውንና ማይኩን የሚያሰናዱት እነሱ ናቸው።

የወርቅውሃ በፎቶ አዳራሽ አትመርጥም። "ፎቶ ላይ የማያምር አዳራሽ አላየሁም" ትላለች። በአካል ሄዳ ሽንት ቤቱን ታያለች። ጄኔሬተሩን ታስነሳለች። የመውጫ በሮቹን ራሷ ከፍታ ትዘጋለች።

መጨረሻ ላይ የድምፁ ፈተና ይመጣል። ይሄ የሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ነው።

አንዷ መድረክ ላይ ቆማ አንድ ጊዜ ታጨበጭባለች። ሌላዋ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አዳራሹ ጥሩ ከሆነ አንድ ጊዜ አጨብጭባ ትመልሳለች።

ሁለት ጊዜ ካጨበጨበች ግን... "ይሄ አይሆንም፣ እንውጣ" ማለት ነው።

ባለ ሆቴሉን ፊት ለፊት ላለማስቀየም የፈጠሩት ዘዴ ነው። ይህችን ያዙልኝ።

በዚያ ሳምንት ከተማው ውስጥ ያሉት ሆቴሎች በሙሉ በእንግዳ ተጨናንቀዋል። የቀረው አንድ ብቻ ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ፣ ስሙ እንኳ ገና ያልተሰቀለ አዲስ ሆቴል። እየሩስ "እኔ ልየው" ብላ ጠዋት በባጃጅ ሄደች።

ምሳ ሰዓት አለፈ። አልተመለሰችም።

ስልኳ ይጠራል... ይጠራል... አታነሳም። እየሩስ ደግሞ ተኝታም ቢሆን ስልክ የምታነሳ ልጅ ናት።

የወርቅውሃ አልጠበቀችም። ያገኘችው ባጃጅ ላይ ዘላ ወጣች።

በሩ ላይ ጁምዓ የሚባሉ አዛውንት ዘበኛ ተቀምጠዋል። የበርታ ሰው ናቸው፤ አማርኛን ከጎለመሱ በኋላ ነው የለመዱት።

"ሰላም፣ ሰላም። ና ግባ፣ የኔ ልጅ" አሏት።

ጭንቀቷ ውስጥ ሆና ፈገግ አለች። ይህን አነጋገር በልጅነቷ ለምዳዋለች። ገበያ ላይ ማንጎ የሚሸጡላቸው የበርታ እናቶች እሷንም እየሩስንም "አንተ" ነበር የሚሏቸው። እህትማማቾቹ ከዚያ ወስደው ቤት ውስጥ ሲቀላለዱ እስከዛሬ "አንተ" ይባባላሉ።

ጠዋት አንዲት ቀጭን ልጅ መጥታ እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

የጁምዓ ፊት ተለወጠ።

"መጣ" አሉ። "ገባ። አልወጣም።"

ሳያዩአት ወጥታ ይሆናል ብላ ልታስረዳቸው ሞከረች። ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወላሂ አልወጣም። በር አንድ ነው። እኔ እዚህ ነኝ።"

ውስጥ ሥራ አስኪያጁን አገኘችው። ዲሳሳ ይባላል፣ ከወለጋ የመጣ ግዙፍ ሰው ነው። እጆቹ እስከ ክርኑ ርሰዋል። የሸሚዙ እጅጌ ላይ ቀይ ነገር ተለቅልቋል።

ዓይኗ እዚያ ላይ ሲያርፍ አያት። "አንቲረስት ቀለም ነው" አላት፣ ሳትጠይቀው። "በሮቹን እየቀባን ነው።"

ስለ እየሩስ ስትጠይቀው ከጠዋት ጀምሮ ጓሮ የውሃ ፓምፕ ሲጠግን እንደነበረ፣ እንግዳ የሚቀበለው እሱ ሳይሆን እታለም እንደሆነች ነገራትና ወደ ጓሮው ተመለሰ። ነገሩ ከነከናት።

እታለም ከየት እንደመጣች ሳታያት አጠገቧ ቆማ አገኘቻት። ጠይም፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ባዶ እግሯን ነበረች፤ እግሯም ርሷል።

"ባልደረባዬ ጠዋት መጥታ ነበር" አለቻት የወርቅውሃ። ሥራ ላይ እህቴ ማለት አትወድም።

"እህትሽ ሄደች እኮ፣ የኔ እናት። አዳራሹን በጣም ወዳው ነው የሄደችው።"

እህትሽ...

መልካችን ስለሚመሳሰል ነው ብላ አለፈችው። ባታልፈው ኖሮ!

እታለም አዳራሹን ከፈተችላት።

የበረኪና ሽታ አፍንጫዋን ሰነፈጣት። ወለሉ ታጥቦ ገና አልደረቀም። ወንበሮቹ በፈረስ ኮቴ ቅርፅ ዙሪያውን ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ወንበር ፊት የውሃ ጠርሙስ ተቀምጧል።

ሁሉም ጠርሙሶች ተከፍተዋል። ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ተጠጥቷል።

"ስብሰባ አላችሁ እንዴ?"

"ተይዟል።"

ይህን ቃል የወርቅውሃ በየቀኑ ነው የምትሰማው። አዳራሽ ተይዟል፣ ክፍል ተይዟል። የዚያን ዕለት ግን ቃሉ ሰውነቷን ውርር አደረጋት።

"ማን ያዘው?"

እታለም ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አየቻቸው። ሰው የተቀመጠባቸው ይመስል... ቀስ ብላ።

"ለእህትሽም ነግሬያት ነበር" አለች በሹክሹክታ። "ተይዟል አልኳት።"

የወርቅውሃ መድረኩ ላይ ወጣች። እንዴት እንደሆነ አታውቅም፣ እጇ በልማዱ ተነሳ። አንድ ጊዜ አጨበጨበች።

ጧ።

ዝም...

ዝም...

ከመድረኩ ጎን፣ ከተዘጋው የዕቃ ክፍል ውስጥ መልስ መጣ።

ጧ... ጧ።

ይሄ አይሆንም፣ እንውጣ።

"የገደል ማሚቶ ነው" አለች እታለም ፈገግ ብላ። "ባዶ ቤት ይመልሳል።"

ማሚቶ አንዱን ሁለት አያደርግም። የወርቅውሃ ክፍሉ እንዲከፈትላት ጠየቀች። እታለም ውስጡ ስለተዝረከረከ አንዴ እስካስተካክለው ጠብቂኝ ብላ ገባችና በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

ጥቂት ቆይቶ የአዳራሹ መስኮት ኳ ኳ አለ።

ጁምዓ ነበሩ። የእየሩስ አለመውጣት እረፍት ነስቷቸው ከሕንፃው ጀርባ ዞረው በዕቃ ክፍሉ መስኮት አይተው ነው የመጡት። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ውጣ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ልጁ ወድቋል። ደም... ብዙ ደም። እሱ ነው የወጋው። በዓይኔ አየሁ፣ ደም ያጥባል።"

"ማነው አባባ? ማነው የወጋት?"

"እሱ። ቢላ አለው። ከሱ ጋር ብቻህን አትሁን። እኔ ዞሬ እመጣለሁ።"

ከመስኮቱ ጠፉ።

ወዲያው ትልቁ በር ተከፈተ።

ዲሳሳ ገባ። እጆቹ ርሰዋል። እጅጌው ቀይ ነው። በቀኝ እጁ የቧንቧ መፍቻ ብረት ጨብጧል።

"አትጩኺ" አላት በሹክሹክታ። "ቀስ ብለሽ ወደኔ ነይ።"

እህቷ ከዚያ በር ጀርባ ወድቃለች፤ የወጋት ሰው ደግሞ ከፊቷ ቆሟል።

"ነይ እንጂ... ቶሎ በይ" አለና እጁን ዘረጋላት።

የማይኩን ማቆሚያ በሁለት እጇ አነሳች። ባላት ኃይል ሁሉ አወረደችበት።

ብረቱ ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ደረቅ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማች። ዲሳሳ በጉልበቱ ወደቀ። ደም አንድ ዓይኑን ሸፈነው። አፉን ከፍቶ የሆነ ነገር ሊናገር ሞከረ።

"በሩ... ከበሩ ራቂ..."

ደገመችው። ጥርሱ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። በሆዱ ተደፋ።

የዕቃ ክፍሉ በር ተከፈተ። እታለም እጆቿን ዘርግታ ቆማለች።

"ነይ እህቴ፣ ነይ ግቢ። ይገድልሻል።"

ሮጣ ገባች። እቅፏ ውስጥ ገባች፤ አንገቷ ሥር ተሸጉጣ አለቀሰች።

ከኋላዋ ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማችው።

ቀና አለች። መጀመሪያ ያየችው ባልዲ ነው። ውሃው ቀይ ነበር። ቀጥላ የተጠቀለለ ምንጣፍ አየች፤ ከምንጣፉ ጫፍ የእየሩስ ጫማ ወጥቶ ይታያል።

በሌላው ጫፍ እየሩስ ዓይኗን ገልጣ ጣሪያውን ታያለች። አትንቀሳቀስም።

የዚያን ጊዜ የጁምዓ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። መጣ፣ ገባ፣ አልወጣም... ያሉት እየሩስን ነበር። እሷን ራሷን "ና ግባ" ብለዋታል። ለጁምዓ ሰው ሁሉ "እሱ" ነው። ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው፣ ስትቀልድበት ያደገችው እሷ ነበረች። በጨነቃት ሰዓት ግን "እሱ" ሲሏት ወንድ ፈለገች።

"ተይዟል አልኳት" አለች እታለም ከጀርባዋ፣ በዚያው ለስላሳ ድምፅ። "አልሰማችም። አንቺም አልሰማሽም።"

ቢላው ትከሻዋ ላይ ገባ። ወጣ። ዞራ ስለቱን በመዳፏ ያዘችው፤ ጣቶቿ እስከ አጥንታቸው ተቆረጡ። እታለም አትጮህም፣ አታለከልክም። ፊቷ ላይ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረም። ሽንኩርት እንደምትከትፍ ሴት ተረጋግታ ነበር የምትወጋት።

ለሦስተኛ ጊዜ እጇን ስታነሳ በሩ ተገንጥሎ ወደቀ።

ዲሳሳ ነው። ፊቱ በደም ተሸፍኖ፣ በአንድ ዓይኑ ብቻ እያየ ገባ። እታለምን ወገቧን ይዞ ግድግዳው ላይ አጣበቃት። ቢላው አንገቱ ሥር ገባ... እንደገና ገባ... እሱ ግን አልለቀቃትም።

ወደ የወርቅውሃ ዞረ።

"ሩጪ" አላት።

እጁ ላላ። ተንሸራቶ ወደቀ። እታለም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ባልዲውን በእግሯ ደፍታ፣ ዲሳሳን ተሻግራ ወደ አዳራሹ ወጣች።

የአዳራሹ በር ላይ ጁምዓ ዱላቸውን ይዘው ቆመው ነበር።

ፖሊስ መጥቶ ወንበሮቹን ገለበጠ፣ ጣሪያውን ቀደደ፣ የመድረኩን ጣውላ ነቀለ። እታለም የለችም። በባዶ እግር የተረገጠ እርጥብ ዱካ ከዕቃ ክፍሉ ተነስቶ ወንበሮቹ መሃል ድረስ ይሄዳል። እዚያ ያልቃል።

"አልወጣም" ብለው ማሉ ጁምዓ። "እኔ በሩ ላይ ነኝ። አልወጣም።"

በዚህ ጊዜ "እሱ" ማን እንደሆነ የወርቅውሃ አልጠየቀቻቸውም።

ዲሳሳ የገባው ጁምዓ ያዩትን ስለነገሩት ሊያወጣት ነበር። የሱን አስከሬን የመረመረውን ሐኪም ግን አንድ ነገር ጠይቃዋለች። የገደለው ቢላው ነው ወይስ ብረቱ? ሐኪሙ መለሰላት። መልሱን ለእኔ አልነገረችኝም።

ስለ እየሩስም ተነገራት። የሞተችው ጠዋት ነው፣ የወርቅውሃ ገና ከቤት ሳትነሳ። እጆቿ በባነር ገመድ ወደ ኋላ ታስረው ነበር፤ የታሰሩትም ከመሞቷ በፊት ነው።

ታዲያ ማን አጨበጨበ?

ከወራት በኋላ የወርቅውሃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምን ታድርግ፣ መኖር አለ። በቅርቡ አሶሳ መሃል ከተማ አንድ አዳራሽ ልታይ ብቻዋን ሄደች። ሽንት ቤቱ ንጹሕ፣ ጄኔሬተሩ ደህና፣ በሮቹ ይከፈታሉ። ጠራራ ፀሐይ በመስኮቶቹ ገብቶ ወለሉ ያብረቀርቃል።

መድረኩ ላይ ወጣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አጨብጭባ አታውቅም። ያን ቀን ግን ረሳችው።

ጧ።

ከመጨረሻው ረድፍ፣ እየሩስ ትቀመጥበት ከነበረው ጥግ፣ ከባዶው ወንበር...

ጧ... ጧ።

"አንተ?" አለች የወርቅውሃ። እንባዋ መጣ። "እየሩስ... አንተ ነህ?"

ሁለት ጊዜ ማጨብጨብ ምን ማለት እንደሆነ ትዝ ያላት ያኔ ነው። ወደ በሩ ዞረች።

ደረቁ ወለል ላይ በባዶ እግር የተረገጠ እርጥብ ዱካ አለ። ከበሩ ተነስቶ እሷ እስከቆመችበት መድረክ ደረጃ ድረስ ይመጣል።

የገባ እንጂ የወጣ አልነበረም።