የ«ሳያባራ ነይ» አምስተኛው ዘፋኝ

ሰበታ ውስጥ ውሸት ቢቀረጥ ኖሮ፣ ያቤጽ ብቻውን የከተማውን መንገድ ሁሉ አስፋልት ያስለብስ ነበር። ሥራው ሚሞሪ ላይ ሙዚቃ መጫን ነው፤ ከዘፈኑ ጋር አንድ ወሬ በነጻ ይመርቃል።

ከሆሳዕና መጥታ ክር ፋብሪካ የምትሠራው ኤዶም ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። የምትፈልገው አንድ የድሮ ዘፈን ብቻ ነው፤ «ሳያባራ ነይ»።

«በእኛ ቤት ዘፈን ኃጢአት ነው» አለችው። «ይቺን አንዷን ግን ጌታም እንዳላየ ያልፍልኛል።»

መጀመሪያ በሳክስፎን የታጀበውን የጥንቱን ጫነላት። «ይሄ በሬዲዮ የተለቀቀ ቀን የሱሉልታ ላሞች አንታለብም አሉ፤ ቆመው ሲያዳምጡ ዋሉ።»

«ሂድ አንተ!» አለች፤ ግን ሳቀች።

ቀጥሎ በኪቦርድ የተሠራውን፣ ከዚያ በኦሮምኛ የተዘፈነውን፣ ከዚያ ሬጌውን ሰጣት። ዘፈኑ ያው ነው፤ በየሰዉ ጉሮሮ ሲያልፍ ግን እንደ አዲስ ይወለዳል። ኤዶም ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ፣ ያቤጽ መተንፈስ ይረሳል።

ታኅሣሥ 2008 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ በረታ። መንገድ ተዘጋ፣ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ያቤጽም የሚሰጣት አዲስ «ሳያባራ ነይ» አለቀበት። ካለቀ ደግሞ ኤዶም ምን ብላ ትመጣለች? ሱቁን ከውስጥ ቆልፎ በገዛ ድምፁ ስልኩ ላይ ቀዳው።

ኤዶም ሰምታ ስትጨርስ ጉንጯ ርሷል። «ማነው?»

«የተጂ ከተማ ልጅ ነው። ሳይታወቅ ሞተ፣ ምስኪን።»

በማግስቱ ጥቁር ሻርፕ አድርጋ በሩ ላይ ቆመች። «እናቱ አለች አይደል? ለቅሶ ልደርስ ነው።»

«መንገዱ እኮ ዝግ ነው! ትናንት ተኩስ ነበር!»

«በእግሬ እሄዳለሁ» አለችና መንገድ ጀመረች።

ያቤጽ ሱቁን እንኳ ሳይዘጋ ሮጠ። የደረሰባት ከከተማው መውጫ ላይ ነው፤ በቀደመው ቀን ጓደኛቸውን የቀበሩ ወጣቶች መንገዱ ላይ ድንጋይ ደርድረው፣ በእጃቸውም ይዘው ቆመዋል። የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ገርባ «በቃ ልጆቼ» እያሉ ይለምኗቸዋል።

«ኤዶምዬ፣ አትሂጂ! የሞተ የለም! የዘፈንኩት እኔ ነኝ!»

«በሰው ሞት ትቀልዳለህ?» አለችው።

«እውነቴን ነው!»

«አንተና እውነት ደግሞ የት ትተዋወቃላችሁ?»

ኦቦ ገርባ ከዘራቸውን አነሡ። «ሜ፣ ሃ ሲርቡ! ይዝፈንና እንስማው!»

ያቤጽ መንገዱ መሃል ቆሞ ጀመረ። አንደኛው ስንኝ ሳያልቅ ድንጋይ የያዙት እጆች አንድ በአንድ ወደ ታች ወረዱ። ኦቦ ገርባ በኦሮምኛ ተቀበሉት። ዓይኑ ያበጠ አንድ ወጣት ተከተላቸው፤ ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። አንድ ዘፈን በሁለት ቋንቋ ከመሬት የበቀለ መሰለ። ነፋሱም ቆሞ ሰማ፤ ያቤጽ አይደለም ይህን የሚለው፣ እዚያ የነበረ ሁሉ ይመሰክራል።

ኤዶም ትክ ብላ አየችው፤ እንዲህ አድርጋ አይታው አታውቅም።

«ሙሉ ሌሊት አልቅሼልሃለሁ» አለች በቀስታ።

«ይቅርታ...»

«ዝም በል። አልቅሼለት ያደርኩት ሰው ከእንግዲህ የእኔ ነው።»

እጁን ይዛ በድንጋዮቹ መሃል መለሰችው። ያ ሁሉ ወሬ ያለበት ሰውዬ እስከ ቤቷ ደጃፍ አንዲት ቃል አልወጣችውም።