ኳች ያልጠጣው ውሃ

የመጋዘን ጠባቂው ቶክ የሠፋሪዎች እህል በተከመረበት መጋዘን ውስጥ በአፍጢሙ ተደፍቶ ሲገኝ፣ መቶ አለቃ ኪየር ፖሊስ ጣቢያው ደጃፍ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሚማረውን እየመረጠ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን ሄዶ በወንጀልና በፍትሕ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪውን እንዲሠራ ዕድል ደርሶታል። ከአዲስ አበባ በሬዲዮ የመጣው ትእዛዝ ከሦስት ዘርፎች አንዱን ምረጥ ይላል፤ የወንጀል ምርመራ ሳይንስ፣ የወንጀል መንስኤ ጥናት፣ ወይም የእስረኞች አያያዝና አፈታት። ሦስተኛው ሲነበብ ጣቢያው በሙሉ ስቋል። ቁልፍ ያዥ ለመሆን ባሕር የሚሻገር ሞኝ የት ይገኛል? ኪየርም አብሮ ስቋል። ልቡ ምርመራው ላይ ነው። ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን ነገር የእሱ ዓይን አያልፈውም፤ ይህንንም ስለሚያውቅ ትንሽ ይኮራ ነበር።

መጋዘኑ ሲደርስ የጣቢያው አዛዥ ሻምበል ቀድሞት ገብቶ ገዳዩንም ይዞ ጨርሷል። ከሬሳው አጠገብ ደም የነካው የብረት የሚዛን ድንጋይ ወድቋል። ንብረትነቱ የጎረቤቱ ባለሱቅ የመሐመድ ነው። መሐመድ በወጣትነቱ ከጎሬ ወርዶ እዚሁ ባሮ ዳር ያረጀ ነጋዴ ነው። ቶክ የእህል ጆንያ ደርድሮ የሱቁን በር ስለዘጋበት በዋዜማው ሲጨቃጨቁ ገበያተኛው ሁሉ ሰምቷቸዋል። ለሻምበሉ ይህ ከበቂ በላይ ነበር።

«ድንጋዩ የእኔ ነው፤ አልክድም» አለ መሐመድ እጁ እንደታሰረ። «ለመጋዘኑ ካዋስኩት ግን ቆየ እኮ መቶ አለቃ። ለጆንያ ብዬ ሰው ልግደል?»

ኪየር ተንበርክኮ የሟቹን ማጅራት አየ። ቁስሉ በአንድ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ በሁለቱ ጫፎች ላይ ትንንሽ ክብ ምልክቶች አሉ፤ አንደኛው ከሌላው ጠለቅ ይላል። የሚዛኑን ድንጋይ አንስቶ አጠገቡ ያዘው። ድንጋዩ ድቡልቡል ነው።

የበሩ ዘበኛ እንደተናገረው፣ ያን ዕለት ጠዋት ከመሐመድ ሌላ መጋዘኑ የገቡት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ለቶክ ቁርስ ያመጣችለት ሚስቱ ኛኬር፣ ጆንያ የሚሸከመው ታናሽ ወንድሙ ኳች፣ የመጋዘኑን ሥራ የሚቆጣጠረው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ማይ። ኪየር ሦስቱንም በየተራ አነጋገራቸው።

ኛኬር ያለቀሰችው ለሞተው ብቻ አልነበረም። አማርኛዋ የገበያ አማርኛ ነው፤ የምትፈልገውን ለመናገር ግን በቅቷታል። «ጎርደንን ለውትድርና ወሰዱት» አለችው። «ልጄ ገና ነው፤ ጢም የለውም። ቶክ መቱ እሄዳለሁ አለ። ለትልቅ ሰው እናገራለሁ አለ። አሁን ማን ይሄዳል?»

ልጁን ያስያዘው ማን እንደሆነ ሲጠይቃት፣ መልማዩ የቀበሌው ሊቀ መንበር እንደሆነ ማንም ያውቃል አለች። ኳች ደግሞ ምንም አላየሁም ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልወጣውም፤ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ጓድ ማይ ግን አንደበቱ ርቱዕ ነበር። ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ስለ ቶክ ታታሪነት ብዙ ተናገረ፤ ስለ ነጋዴ ጭካኔ ደግሞ ከዚያም በላይ። ኪየር እየሰማ ጠመንጃውን ያይ ነበር። ሰደፉ ጫፍ ላይ ያለው ብረት በሁለት ብሎኖች ተይዟል፤ አንደኛው ብሎን ወጣ ብሏል።

ይህ ብቻውን ሰው አያስከስስም። ጠመንጃውን ሌላ ሰው ይዞት ነበር ቢባል ምን ይመልሳል? ኪየር ነገሩን በሆዱ ይዞ ልቅሶ ቤት ሄደ።

ጋምቤላ ያን ቀን እሳት ነበር። ለቀስተኛው አንድ ቅል እየተቀባበለ ውሃ ይጠጣል። ማይ ገብቶ ሐዘኑን ገለጸ፤ ቅሉን ተቀብሎም ጠጣና አጠገቡ ለነበረችው ለኛኬር አቀበላት። ቅሉ ከንፈሯን ሊነካ ሲል ኳች እጇን መታው። ውሃው ፈሰሰ፤ ቅሉም መሬት ላይ ተሰበረ። ኳች ትንኝ ገብቶበት ነበር አለ። ኪየር ከጎኑ ተቀምጦ ስለነበር ውሃው ጥርት ያለ እንደነበር አይቷል።

ነገሩ ወዲያው ገባው፤ ሆኖም ማረጋገጥ ፈለገ። ኳችን ጣቢያ ድረስ አስጠርቶ፣ መሐመድ እዚያው ፊቱ ከጠጣበት ጣሳ ውሃ ቀድቶ ሰጠው። ኳች ያለ አንዳች ማመንታት ጨለጠው።

በማግስቱ ሻምበሉን ጨምሮ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸው። መሐመድ እንደታሰረ ቆሟል። ኪየር መጀመሪያ ድንጋዩን አነሳ።

«ድቡልቡል ብረት ቀጥ ያለ ቁስል አያቆስልም» አለ። «ድንጋዩ ደም የነካው ከሞቱ በኋላ ነው፤ ሰው ሆን ብሎ ነክሮታል። ቁስሉ የሰደፍ ነው። ጫፉ ላይ ያሉት ሁለት ምልክቶች የብሎን ናቸው፤ አንዱ ብሎን ወጣ ስላለ ጠለቅ ብሎ ገብቷል። ጓድ ማይ፣ ጠመንጃህን ለሻምበሉ አሳይልኝ።»

ማይ ፈገግ አለ። «የቀበሌው ዘቦች ሁሉ ይይዙታል። ያን ቀን ማን ይዞት እንደነበር በምን ታውቃለህ?»

«እኔማ አላውቅም። ኳች ያውቃል» አለ ኪየር፤ ወደ ሻምበሉም ዞረ። «ጓድ ሻምበል፣ በእኛ በኑዌሮች ዘንድ የሟች ዘመድ ገዳዩ ከጠጣበት ዕቃ አይጠጣም። ከጠጣ ይሞታል ብለን እናምናለን። ኳች ትናንት ገዳይ ተብሎ ከታሰረው ከመሐመድ ጣሳ ጠጥቷል። እንግዲህ መሐመድ እንዳልገደለ ያውቃል ማለት ነው። ጓድ ማይ ከጠጣበት ቅል ግን የወንድሙ ሚስት እንዳትጠጣ እጇን መታ። እሷ ገዳዩን ስላላወቀች ልትጠጣ ነበር፤ እሱ ስለሚያውቅ ዝም ብሎ ማየት አልቻለም።»

ሻምበሉ ይህ በየትኛው ሕግ ማስረጃ እንደሚሆን ጠየቀ። ኪየር በጣሳ ውሃ ቀድቶ ለማይ ሰጠው። ማይ ሁሉም ሲያየው እምቢ ማለት አልሆነለትም፤ ተጎነጨ። ኪየር ጣሳውን ለኳች ዘረጋለት፤ በቋንቋቸውም በቀስታ አናገረው። «ወይ ጠጣ፣ ወይ ተናገር። ከተናገርክ እኔ አለሁልህ።»

ኳች ጣሳውን አልተቀበለም። ሲናገር ኛኬርን እንጂ ማንንም አላየም። ቶክ ስለ ልጁ ሲጮህ ሰምቶ ሲገባ ማይ ሰደፉን ሲያሳርፍ በዓይኑ አይቷል። ማይ ድንጋዩን ደም ውስጥ ነክሮ አስቀመጠና፣ ዝም ካልክ ጎርደንን ከማሠልጠኛ አስመልሰዋለሁ አለው። ኳች ለሞተው ወንድሙ ሲል ያልሞተውን ልጅ ማጣት አልፈለገም። ኛኬር ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ማይ ማስተባበሉን ትቶ ሻምበሉን አየው።

ሻምበሉ ሰውን ሁሉ አስወጥቶ ኪየርን ብቻውን አስቀረው። «ግሩም አድርገህ ሠርተሃል» አለው፤ የምሩን ነበር። «ግን የምልመላው ኮታ አልሞላም። ሊቀ መንበሩን አስሬ ምልምል ከየት ላምጣ? ዘመቻ አደናቀፈ ተብዬ እኔው ነኝ የምታሰረው። ነጋዴው ይቆይ።»

ኪየር ተከራከረ፣ ለመነ፣ ድምፁንም ከፍ አደረገ፤ ሰሚ ግን አላገኘም። ጎርደን አልተመለሰም። የመልማዮቹ መኪና ብዙም ሳይቆይ ቶክ ቤት ደጃፍ ቆመና ኳችን ጭኖ ሄደ። ኪየር ሲደርስ ኛኬር ባዶ ግቢ ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

«አንተ ብልህ ነህ» አለችው። «ባሌን ማን እንደገደለው አሳየኸኝ። ልጄን አስቀረህብኝ፤ ኳችንም አስወሰድክብኝ። ብልህ ባትሆን ይሻለኝ ነበር።»

ኪየር ብልህነቱን ጠላው፤ ራሱንም ጠላ። ወደ ጣቢያው ሲመለስ መሐመድ ከእስር ክፍሉ መስኮት ጠራው። ፊቱ ተስፋ ያለው ሰው ፊት ነበር።

«ገዳዩን አገኘኸው እኮ መቶ አለቃ። አላህ ይስጥህ። እና መቼ ነው የምወጣው?»

ኪየር አቀርቅሮ አለፈው፤ ወደ ሬዲዮ ክፍሉም ገባ። ሻምበሉ እዚያ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ምርመራ ሳይንስ ብለን እንላክላቸው፣ ላንተ የተፈጠረ ሙያ ነው አለው። ኪየር ሦስተኛውን አድርጉልኝ አለ። ሻምበሉ የቀለደ መስሎት ሳቀ።

«አንተን የመሰለ መርማሪ የእስረኛ ነገር ሊማር?»

«ገዳይ መያዝ እዚሁ ተምሬያለሁ ጓድ ሻምበል። ያልገደለ ሰው እንዴት እንደሚፈታ ነው የማላውቀው።»

ሻምበሉ ሳቁን አቆመ። የሬዲዮ ሠራተኛው ምርጫውን ለአዲስ አበባ አስተላለፈ። መሐመድንም በዚያው ሳምንት ወደ መቱ እስር ቤት ወሰዱት።