የአባ ጉድጓድ ሞት

ሽማግሌው ከባቡር መሳፈሪያው ሥር ባለው ዕቃ ቤት፣ ከደረጃው ግርጌ በግንባራቸው ተደፍተው ተገኙ። ሰፈሩ ሁሉ «አባ ጉድጓድ» ይላቸው ነበር። ጣቢያው የቆመበት ቦታ ድሮ የእሳቸው ግቢ ነው፤ በግቢው መሃል ሰፈሩን ሲያጠጣ የኖረ ጥልቅ የውኃ ጉድጓድ ነበር። ባቡሩ ከመጣ ወዲህ ያገኙትን ተሳፋሪ ሁሉ እያስቆሙ «ጉድጓዴ አልተሞላም፤ እላዩ ላይ ነው የቆማችሁት» ይላሉ። ሰውም ይስቅና ትኬቱን ቆርጦ ይሳፈራል። ያን ቀን ረፋድ ላይ ግን የሚስቅ ጠፋ።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ሰው ሲዋሻት ደስ ይላታል ይባላል፤ ሥራዋን ያቀልላታላ። ጎንበስ ብላ አስከሬኑን አየች። የተመታው ማጅራታቸው ነው። በግንባሩ የተደፋ ሰው ማጅራቱን ምን አገኘው?

ከደረጃው አናት ላይ የጣቢያው ጥበቃ ቆሟል፤ የሟች ልጅ ባል ነው። ሚስቱ ክንዱን ሙጭጭ አድርጋ ይዛለች። አባቷን በጠዋት አጥታለች፤ አሁን ደግሞ ፖሊሶቹ ባሏን በምን ዓይን እንደሚያዩት ገብቷታል።

«በሩን ማን ከፈተላቸው?» አለች መርማሪዋ።

«እኔ ነኝ» አለ ጥበቃው። «ክልክል ነው። ግን ‹አንዴ ብቻ ላሳይህ› እያሉ መግቢያ መውጫ ቢያሳጡኝ ከፍቼላቸው ወደ ዋናው በር ተመለስኩ። ሲቆዩብኝ ብመጣ… እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው። ሰው ልጠራ ሮጬ ወጣሁ።»

«እሱ ሰው አይገድልም!» አለች ሚስቱ። «እህቴ፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን አትውሰዱብኝ።»

ትኬት ሻጯ ስትጠራ ድምፅዋ ሰልሎ በግድ ይሰማል።

«ከሟች ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ።»

«ያልተጣላቸው ማን አለ! ትናንት ተሳፋሪ ሲያስበረግጉብኝ አፌን ከፈትኩባቸው። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ዛሬ ግን ከመስኮቴ ንቅንቅ አላልኩም፤ ሰው ሁሉ ምስክሬ ነው።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ማለዳ በትምህርት ቤት በኩል ባለው ሐዲድ የኤሌክትሪክ ሽቦው ተበጠሰ። ሂያጁም ተመላሹም ባቡር በገበያ በኩል ባለው ብቻ ሲገባ አረፈደ። በድምፅ ማጉያው ‹ወደ ገበያ በኩል ተሻገሩ!› እያልኩ ስጮህ ጉሮሮዬ ተላጠ። ሽቦው የተጠገነው ሬሳው ከተገኘ በኋላ ነው።»

የጣቢያው ኃላፊ ከረባቱን እያስተካከለ መጣ።

«ዛሬ አርፍጃለሁ» አለ። «በትምህርት ቤት በኩል ከባቡር ስወርድ ይሄ ጥበቃ ከዕቃ ቤቱ እየተጣደፈ ሲወጣ ከማዶ አየሁት። ፊቱ ልክ አልነበረም። እንግዲህ የቤተሰብ ነገር… እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ጣቢያውን ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል?»

«ከመሠረቱ ነዋ! ሲገነባ ፎርማኑ እኔ ነበርኩ።»

መርማሪዋ አመስግና ብቻዋን ወደ ዕቃ ቤቱ ዘለቀች። ወደ ቢሮ ልትደውል ብትሞክር ስልኳ አልሠራም። የድምፅ ማጉያውም ጩኸት እዚያ አይደርስም። ከተደረደሩት ሳጥኖች ወዲያ፣ ጥግ ላይ፣ የሽማግሌው ከዘራ ግድግዳ ተደግፏል። ከአጠገቡ መሮ ወድቋል፤ ወለሉም አዲስ ተፈልፍሎ ጨለማ ቀዳዳ አውጥቷል። መዶሻ ግን ብትፈልግ አጣች።

በዚህ መሃል ከላይ ባቡር ገባ። ወለሉ ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ፤ ከጣሪያው አቧራ ረገፈ። አንዲት ጠጠር ተንከባልላ ቀዳዳው ውስጥ ገባች። መርማሪዋ ትንፋሿን ውጣ አዳመጠች። ምንም የለም። ምንም የለም። ከዚያ፣ ከሩቅ፣ ከታች፣ ውኃ ጮኸ።

ፈራች። ብዙ አስከሬን አይታለች፤ እንዲህ ፈርታ ግን አታውቅም። በላይዋ የተሳፋሪው ኮቴ ይርመሰመሳል። ግድግዳውን ይዛ በእግሯ ጣት እየረገጠች ወጣችና ለትኬት ሻጯ በጆሮዋ አንድ ነገር ነገረቻት። ትኬት ሻጯ ፊቷ አመድ መስሎ ሮጠች።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ መርማሪዋ ሁሉንም ደረጃው ግርጌ ሰበሰበቻቸው።

«ሽማግሌው ከደረጃ አልወደቁም። ከዘራቸው እዚያ ጥግ ነው። ያለ ከዘራ ይሄዱ ነበር?»

«ከአልጋቸውም አይወርዱ!» አለች ልጃቸው።

«ስለዚህ እዚያ ተመትተው እዚህ ድረስ ተጎትተዋል። መሮው አለ፣ መዶሻው የለም። መዶሻ የሚውጥ ቀዳዳ ግን አለ።»

«ይኸው!» አለ ኃላፊው። «በሩን የከፈተው ጥበቃው ነው።»

«እርስዎ በትምህርት ቤት በኩል ወረድኩ አሉ። በዚያ ሰዓት በዚያ በኩል አንድም ባቡር አልገባም። ይህን ጣቢያው ሙሉ ያውቃል፤ የማያውቀው ድምፅ ማጉያም ስልክም በማይሰማበት ቦታ ያረፈደ ሰው ብቻ ነው። ጥበቃው ሲጣደፍ አይተውታል፣ እውነት ነው። ግን ከማዶ ሳይሆን ከእነዚህ ሳጥኖች ጀርባ ተደብቀው።»

«ተምታቶብኝ ነው! ሁልጊዜ በዚያ በኩል ስለምወርድ…»

«ይሆናል፤ ሰው ይሳሳታል። እስቲ ያንን ከዘራ ያቀብሉኝ። ቶሎ ይበሉ፣ ባቡሩ እየገባ ነው።»

ኃላፊው ጥጉን አየ። ጣሪያውን አየ። እግሩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ባቡሩ ይለፍና አመጣዋለሁ» አለ።

ሁሉም ዞረው አዩት።

«ለምን ይለፍ?» አለች መርማሪዋ። «ከላይ ስንት ሰው ቆሟል። እርስዎ አንድ ከዘራ ለማምጣት ፈሩ።»

ኃላፊው ደረጃው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «የምረቃው ቀን ደርሶ አጣድፈውን ነበር። ሳንቃ አጋድመን ሲሚንቶ አፈሰስንበትና ተሞልቷል አልኩ። ዛሬ በማለዳ መጥቼ በሩ ተከፍቶ ባይ ወረድኩ። ሽማግሌው ‹ይኸው ውኃዬ!› ብለው ሳቁ። ሰው እጠራለሁ አሉ። መዶሻው አጠገቤ ነበር…»

«ባቡሩን ቀድመን አስቁመነዋል» አለች መርማሪዋ። «ተሳፋሪውም ወጥቷል።»

እጁ ሲታሰር የሟች ልጅ የባሏን ክንድ ለቃ ወደ ኃላፊው ቀረበች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት ልጆቼን ይዤ ከዚህ ጉድጓድ በላይ ባቡር ስጠብቅ መጥተው ትንሹን ሳሙት። ‹ከሐዲዱ ራቅ በሉ፣ ልጆቹ እንዳይጎዱ› አሉኝ። እኔም መረቅኩዎት።»