ጤዛ የቋጠረው የፊት መብራት

ሟቹን ያገኘው ጎሚስታው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ከጎኑ ባለው ወርክሾፕ ሞተር ሲያጉረመርም ሰምቶ ሰምቶ ሲሰለቸው በሩን ገፋው። ጭስ ፊቱን መታው። መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኗል። በጨለማው ውስጥ የመኪናዋ ሁለት መብራቶች ነጭ የብርሃን ቀለበት ለብሰው አፍጥጠውበታል። ከመሪው ኋላ ደግሞ፣ ሰፈሩ «ዓይናማው» እያለ የሚጠራው የመብራት ባለሙያ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ ተቀምጧል።

ፋይሉ በሦስተኛው ቀን መርማሪዋ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ሁሉም ነገር ያለቀለት ይመስል ነበር። ሰውየው በሩን ዘጋ፣ መስኮቱን ሸፈነ፣ ሞተር አስነሳ፣ ራሱን ገደለ። የእሷ ፊርማ ብቻ ነበር የቀረው። ብዕሯን ስታነሳ የሟቹ ልጅ ገባች።

«ይፈርሙ» አለቻት ሳትቀመጥ። «ግን ልጁ ገደለችው ብለው ይፈርሙ። ጠዋት ተጣላን። ‹ለመኪና ዓይን ስትተክል ኖረህ እኔን አንድ ቀን እንኳ አላየኸኝም› አልኩት። ዝም ብሎ ወጣ። በቃ፣ የመጨረሻችን ያ ነው።»

መርማሪዋ ልጅቱን አየቻት። ይህች ልጅ ፋይሉ ተዘግቶም ዕድሜዋን ሙሉ ስትከፍተው ልትኖር ነው። ብዕሩን መልሳ አስቀመጠችው።

«ነይ፣ የሚሠራበትን ቤት አሳዪኝ።»

ወርክሾፑ ጠባብ ግን እንደ ሐኪም ክፍል የጸዳ ነበር። ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ጓንት፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ ነጭ የናይሎን ካፖርት። ከመደርደሪያው ጀርባ ስፖንጅ ፍራሽና የታጠፈ ቀይ ብርድ ልብስ። መኪናዋ አሁንም እዚያው ቆማለች።

«እንዴት ነበር የሚሠራው?»

«መብራቱን ምድጃ ውስጥ ያሞቀዋል። ማስቲሹ ሲለሰልስ መስታወቱን ይፈለቅቅና የኤልኢዲ ቀለበቱን ያስገባል። ከዚያ መስታወቱን አጥቦ አንድ ቀን ሙሉ ያደርቃል። ሲደርቅ ነው መልሶ የሚያሽገው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ውስጡ አንዲት ብናኝ ከቀረች እንቅልፍ አይወስደውም። ሹራብ ለብሼ ስመጣ እንኳ ‹ክርሽን ይዘሽ ውጪልኝ› ይለኝ ነበር። ራሱም ያለ ናይሎኑ ሥራ አይነካም።»

መርማሪዋ በርከክ አለች። የቀኙ መብራት እንደ ምንጭ ውኃ ጠርቷል። የግራው ግን ከውስጥ ጤዛ ቋጥሯል፤ ሰው አፉን አስጠግቶ የተነፈሰበት ይመስላል። እያየችው አንዲት ጠብታ ተንሸራታ ወረደች። ማንም ሳይነካት።

ልጅቱም አየችው። «ይሄ የአባቴ እጅ አይደለም» አለች ቀስ ብላ።

ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሼ፣ ከሟቹ ጋር አትስማሙም ነበር አሉ።»

«ኧረ ተይኝ ልጄ! አቧራ አስነሳህብኝ እያለ ስድስት ዓመት ነዘነዘኝ። አሁን የሚቆጣኝ ሲጠፋ ሥራው ራሱ አስጠላኝ።»

«ሞተሩ መቼ ተነሳ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ብዙ ቆይቶ ጠፋ። ተገላገልኩ ስል፣ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ተነሳ።»

«ተሳስተው እንዳይሆን?»

«በሞተር ድምፅ ከተሳሳትኩ ጆሮዬን ቁረጪው!»

ባለመኪናው ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ መጣ። «ሰው የሞተባት መኪና! ማን ነው ከእንግዲህ የሚሳፈርልኝ?»

«ቅዳሜ ሟቹን አነጋገሩት?»

«ወንድሙን ነው፣ በስልክ። በጨለማ ሲበራ በቪዲዮ ቀርጸህ ላክልኝ፣ አለዚያ ሌላ ጋ እወስዳታለሁ አልኩት። ‹አሁኑኑ› አለኝ። ይኸው አሁኑኑ አላልቅ ብሎ እስከዛሬ እጠብቃለሁ።»

በወርክሾፑ የሽቦውን ሥራ የሚሠራው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። «ወንድሜን ራሱን እያመመው ነበር። እኔ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ዕቃ ግዢ ላይ ነበርኩ» አለ።

«ቀለበቶቹ በምንድን ነው የሚበሩት?»

«ሞተር ሲነሳ ብቻ። እኔው ነኝ እንደዚያ ያያያዝኳቸው።»

በማግስቱ መርማሪዋ አራቱንም ወርክሾፑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩን ዘጋች፣ ካርቶኑን መስኮቱ ላይ መለሰች፣ የመብራቶቹን ሽቦ ከወርክሾፑ መሞከሪያ ባትሪ ጋር አገናኘች። ሁለቱ ቀለበቶች ቦግ አሉ። ሟቹ መሪው ኋላ ያለ ይመስል ሁሉም ወደ መቀመጫው ላለማየት ታገለ።

«ግራውን እዩት» አለች። «መስታወቱ ሳይደርቅ ታሽጓል። ዓይናማው ይህን አያደርግም። ማሸግ የሚያውቅ ሌላ ሰው ቸኩሎ አደረገው።

«ሟቹ ሲገኝ ሹራብ ለብሶ ነበር፤ ጀርባው ላይ የቀይ ብርድ ልብስ ብናኝ ተጣብቋል። ናይሎኑ ሚስማር ላይ ነው። ስለዚህ እየሠራ አልነበረም። አሞት ፍራሹ ላይ ተኝቶ ነበር።

«መስኮቱ ተሸፍኗል። ከበሩ ሥር ግን እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ ማንም አልደፈነውም። ጭስ እንዳይወጣበት የፈለገ ሰው መጀመሪያ የሚጠቀጥቀው እሱን ነው። የሸፈነው ሰው የፈለገው ጭስ ሳይሆን ጨለማ ነበር። ለቪዲዮ።»

ባለመኪናው ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። ወንድምየው ምድጃውን ተደገፈ።

«ወንድሜ ቤት የሄደ መሰለኝ» አለ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «መስታወቱን አሸግኩት፣ ሞተሩን አስነሳሁ። መቅረጽ ስጀምር ግራው ጤዛ መቋጠር ጀመረ። ሞተሩና መብራቱ ሲሞቁ ይደርቃል ብዬ ሳላጠፋው ወጣሁ፤ የፀጉር ማድረቂያ ልለምን። ስመለስ... ከመደርደሪያው ጀርባ እግሩን አየሁት።»

«ሞተሩን አጠፋኸው።»

«አጠፋሁት። ጠራሁት። አልመለሰልኝም። ሞቷል... ገደልከው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ።»

«ስለዚህ ጎትተህ መሪው ኋላ አስቀመጥከው። ሞተሩን መልሰህ አስነስተህ፣ በሩን ዘግተህበት ሄድክ።» መርማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የግራ ቅልጥሙ ላይ ደም የቋጠረ ብልዝ አለ። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ከመኪናዋ በር ደፍ ጋር ለክቶታል፤ ልክ ይገጥማል። ሬሳ እንዲህ አይበልዝም። ስትጎትተው ነፍሱ ነበረች።»

ወንድምየው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «አላወቅኩም! እናቴ ትሙት፣ አላወቅኩም!»

«ሰው መጥራት ትችል ነበር» አለ ጎሚስታው። «አንድ ግድግዳ ነው እኮ። አጠገብህ ነበርኩ።»

ልጅቱ እስካሁን አልተንቀሳቀሰችም። አሁን ወደ አጎቷ ተራመደችና ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ሦስት ቀን ሙሉ አንገትህ ላይ ተጠምጥሜ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ስልህ ምን ነበር ያልከኝ፣ አጎቴ?»

አጎትየው ፊቱን ወደ ምድጃው አዞረ።

«በላቸው፣ ይስሙት።»

እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ እሷ ወደ ኋላ አለች።

«‹አይዞሽ፣ እሱ ይቅር ይልሻል› አልከኝ።»

መርማሪዋ ክንዷን ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ልጅቱ ግን ራሷ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እስካሁን ያለቀስኩት ለራሴ ነበር» አለች። «ትንሽ ታገሱኝ። አሁን ለአባቴ ላልቅስ።»