በቃል የተጠና ኃጢአት

አስናቀው ሞጣ ላይ፣ በአማቱ በየኔታ ሀብተ ሥላሴ ቤት፣ ከመደቡ ተንሸራትቶ በግንባሩ ተደፋ፤ ባጃጅ ሳይገኝለት ነፍሱ ወጣች። በብርጭቆው የቀረው አረቄ የተባይ መድኃኒት ይሸታል። ጠርሙሱም እንደዚያው። የቀዱለት የኔታ ናቸው፤ የኔታ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የትናንቱ እየጠፋባቸው ነው። አገር ሁሉ ሐኪም ሆነና «ጃጅተው ነው» ብሎ ፈረደ። ነገሩን ለመዝጋት እንዲህ የሚመች ሰው ከየት ይገኛል?

የሟች ዘመዶች ግን ቢቸና ሆነው «ደማችን በመርሳት አይታጠብም» ብለው አስቸገሩ። ስለዚህ ኢንስፔክተር ሰሎሜ ከቢቸና ተላከች፤ ብዙ የማትናገር፣ ያየችውን ግን የማትለቅ ሴት ናት።

የኔታን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የመሩትን ማኅሌት ከአጥር ማዶ ቆመው ያዳምጣሉ።

«ለምን አይገቡም፣ የኔታ?»

«ነፍስ ያጠፋ እጅ ጸናጽል አይዝም፣ ልጄ።»

«ማጥፋትዎን ያስታውሳሉ?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ከምድጃው ጀርባ ካለው መደርደሪያ፣ የተባዩን መድኃኒት አረቄ መስሎኝ አነሣሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ለአስናቀው ቀዳሁለት።»

«ዛሬ ቁርስ ምን በሉ?»

ግራ ገባቸው። «በላሁ እንዴ?»

«መድኃኒቱንስ ከየት አነሡ?»

«ከምድጃው ጀርባ ካለው መደርደሪያ፣ የተባዩን መድኃኒት አረቄ መስሎኝ አነሣሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ ጨመርኩ፤ ለአስናቀው ቀዳሁለት።» ቃል አልጨመሩም፣ ቃል አልቀነሱም።

ሰሎሜ ወደ ቤታቸው ሸኘቻቸው። ልጃቸው ፈንታነሽ፣ የሟች ሚስት፣ ጥቁር ለብሳ የአባቷን ዕቃ ትሸክፋለች። ቢቸና ወዳለው ቤቷ ወስዳ የጓሮ ክፍል ልታስገባቸው ነው።

«ከእንግዲህ ብቻቸውን አይተዉም» አለች። «ቁልፉን ወስጄባቸዋለሁ፤ ተማሪዎቹንም አስቀርቻለሁ። እንግዳ መቀበሉን ብቻ ትቼላቸው ነበር። ምነው እሱንም በነጠቅኳቸው!»

«ከባልሽ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«አንስማማም። ‹የጃጀ ሽማግሌ አልጦርም› እያለ ስንጣላ ሰፈር ሰምቷል። ሊጠረጥሩኝ ከሆነ ይጠርጥሩኝ፤ የሠራሁትን ግን በአባቴ የማሳብብ ሰው አይደለሁም።»

በዚህ መሀል የኔታ እንግዳ መኖሯ ትዝ ብሏቸው የጠላውን ማሰሮ አነሡ። በግራ መዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱ፤ ከዚያ ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጧት።

«አሁን ምን አደረጉ፣ የኔታ?»

«ቀዳሁልሽ።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ምን አደረግሁ? ምንም።»

ሰሎሜ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። በዕለቱ ፈንታነሽን ስታግዝ የነበረችው ጎረቤታቸው ጥሩአየሁ እዚያ ነበረች።

«ያን ዕለት አረቄውን ሲቀዱ አይተሻል?»

«ከዚሁ በር ላይ ሆኜ አይቻለሁ። ቀመሱና ሰጡት።»

«ቀመሱ?»

«የኔታ ሳይቀምሱ ለማን ሰጥተው ያውቃሉ? የድሮ ሰው አይደሉ! የዛሬው ሰው ትቶታል እንጂ። ደግሞስ ማን ጠየቀኝ?»

«ከአስናቀው ጎን ማን ነበር?»

«ቀለሙ ብቻ፤ የየኔታ የድሮ ተማሪ ነው። እሱ ጠላ ይዞ ነበር። አስናቀው ሲወድቅ እኔና ፈንታነሽ ተሸክመን ወጣን፤ ቀለሙ የኔታን ሊያረጋጋ ከቤት ቀረ። ዛሬም በየማለዳው ይመጣል። አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ሲያጽናናቸው ብታዪ፣ የሥጋ ልጅም እንዲህ አያደርግ!»

ቀለሙ ሲጠየቅ ተረጋግቶ መለሰ።

«ሰፈሩ አስናቀው ወንድምህን ገድሎ ነበር ይላል፤ እውነት ነው?»

«በድንበር ጥል ገደለው። ሽማግሌ ገባ፤ ታረቅን፤ አለቀ። ይልቅ የኔታን ይተዉአቸው። የረሳ ሰው አይከሰስም።»

ሰሎሜ ሁሉንም ሰብስባ በየኔታ ቤት አስቀመጠች። በሩ ላይ አንድ ፖሊስ ቆመ።

«ጠርሙሱ ውስጥ መርዝ ተገኝቷል» አለች። «የኔታ ግን ከዚያው ጠርሙስ ቀምሰው ነው የሰጡት፤ ጥሩአየሁ አይታለች። እሳቸው ደኅና ናቸው። እንግዲህ ሲቀዱ አረቄው ንጹሕ ነበር። በፊት የጨመረ የለም፤ ሴቶቹም ከጓዳ አልወጡም። መርዙ የገባው ብርጭቆው ከአስናቀው እጅ ከደረሰ በኋላ ነው። አጠገቡ የነበረው ማነው?»

ሁሉም ወደ ቀለሙ ዞሩ።

«ሰውየው ሲወድቅስ ከጠርሙሱ ጋር ማን ቀረ? የተረፈውን መርዝ እዚያ የጨመረ ነው፣ የየኔታ ስሕተት እንዲመስል።»

«እሳቸው ራሳቸው አምነዋል!» አለ ቀለሙ።

«አምነዋል። ቁርሳቸውን የረሱ ሰው ይህን አንድ ነገር እንደ ዳዊት በቃላቸው ይወጡታል። የራሱን ነገር የሚያወራ ሰው አንዱን ያስቀድማል፣ አንዱን ይዘላል። እሳቸው ግን የተጠና ነው የሚደግሙት። በየማለዳው እየመጣ ያስጠናቸው ማነው?»

ፈንታነሽ ጮኸች። ይህን ሰምቶ ደሙ የማይፈላ ሰው ካለ እሱ ሰው አይደለም።

ቀለሙ ከመቀመጫው ተነሣ። «አዎ! ወንድሜን ቀብሬ ስመለስ ገዳዩን ሳመው አሉኝ። ሳምኩት። ያን ቀን ያስታረቁን የኔታ ናቸው። ‹እርሳው፣ ልጄ› አሉኝ። እንዴት አድርጌ? መርሳት እንዲህ ቀላል ከሆነ እሳቸው ይዩት አልኩ!»

የኔታ ወደ ሰሎሜ ዞሩ።

«እኔ አልገደልኩም?»

«አልገደሉም።»

«እስቲ ድገሚልኝ።»

«አልገደሉም፣ የኔታ። ነገ ከማኅሌቱ ይግቡ።»

ሽማግሌው አለቀሱ፤ ማንም አላባበላቸውም። ያን ጊዜ ቀለሙ ወኔው ከዳውና እግራቸው ላይ ተደፋ። «የኔታ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«በየማለዳው ‹ይህ የእኔ ሥራ አይደለም› እያልኩ እነሣ ነበር» አሉት። «አንተ እየመጣህ ‹ነው› ትለኝ ነበር። ይቅር ማለት እንደሚገባኝ አውቃለሁ፤ ስጦታ ነው ብዬ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ግን ይህ ጭንቅላቴ ይቅር ሳልልህ ሊረሳህ ነው፤ እንዲያ በነጻ አትሄድም።»

እግራቸውን ሰብስበው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ዕቃዬን ፍቺ፤ የትም አልሄድም። ተማሪዎቼንም ጥሪልኝ። አንቺ ግን እዚሁ ሁኚልኝና በየማለዳው ይህ ሰው ያደረገኝን ንገሪኝ። አንድም ሳታስቀሪ።»

«እሺ፣ አባዬ» አለች ፈንታነሽ። «ከነገ ጀምሬ እነግርዎታለሁ።»

«ነገማ እረሳዋለሁ» አሉ የኔታ። «አሁን ጀምሪ።»